ለማን ነው የምትጠይቂው?

ማታር፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተማሪ ሩሐማ ተሰማ
ጋምቤላ

ሾፌሩ መልአኩ ያመጣልኝን ወረቀት ተቀብያለሁ፤ የዩኒቨርሲቲውን ማኅተምም አይቻለሁ። ጤንነቴን ስለ ጠየቅሽ፣ ደህና ነኝ። ከዚህ በላይ ስለ እኔ ማወቅ አያስፈልግሽም።

ስለ ደረቅ ዓሣ ንግዴ፣ ስለ ሠራተኞቼ፣ ዕቃውን ከየት አምጥቼ ወዴት እንደምልከው ለጠየቅሽው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ አይሆንም። «ለትምህርት ብቻ የሚውል» ብለሽ ጽፈሻል። ከአንቺ በፊት የመጡትም እንዲሁ ብለው ነበር። መጥቼ መደብሩን ልጎብኝ፣ ሠራተኞቹን ላነጋግር፣ ፎቶ ላንሳ ያልሽውንም እንዳትሞክሪው። መልአኩ አንቺን አሳፍሮ ቢመጣ ከእኔ ጋር እንደሚጣላ ነግሬዋለሁ።

ስልኬን ማን እንደ ሰጠሽ አላውቅም፤ ደግመሽ ግን አትደውዪ። የማላውቀውን ሰው በስልክ አላናግርም። ይህንንም የጻፍኩት ዝም ብል እሺ ያልኩ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።

ደመቀች አራጋው


ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ደመቀች አራጋው
ማታር

እንደምን ሰነበቱ? መልስዎ ደርሶኛል። በአክብሮት ለተጻፈ ደብዳቤ እንዲህ ያለ መልስ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ቢሆንም መጻፍዎን አመሰግናለሁ፤ ሌሎቹ ይህንንም አላደረጉልኝም።

ማን እንደሆንኩ በደንብ አልገለጽኩ ይሆናል። እዚህ በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። አባቴ ተሰማ ነርስ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ኮርስ አምና ወድቄበታለሁ። ዘንድሮም ስለ አንድ ንግድ ቤት የሚጻፈውን አሳይመንት ካላስረከብኩ ጓደኞቼ ሰኔ ላይ ጋውን ሲለብሱ እኔ ቆሜ አጨበጭባለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት እዚሁ ነው። ድልድዩ አጠገብ ያለው ሆቴል ጥበቃው ወረቀቴን ተቀብሎ ገባና «ሥራ አስኪያጁ የሉም» አለኝ፤ የሰውዬው ሳቅ እኮ ከውስጥ ይሰማኛል። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው «ከገቢዎች ነሽ አይደል?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ፋርማሲው ወንበር አቅርቦ እስከ ምሳ አስቀመጠኝና «ነገ ነዪ» አለ፤ በነጋታውም እንዲሁ። ልብስ ነጋዴዋ ፍርዶስ ደግሞ «የነርስ ተሰማ ልጅ ነሽ? ለእሱ ስል ሻይ ልጋብዝሽ፤ ወሬ ግን አልሰጥሽም» አለችኝ።

ወደ እርስዎ የጻፍኩት ከሁለት ዓመት በፊት የእኛን ትምህርት ክፍል ልጆች እንደ ተቀበሏቸው ስለማውቅ ነው። ጽሑፋቸውን መምህር ያዕቆብ እስከ ዛሬ «እንዲህ ሥሩ» እያሉ ያድሉናል። ሽፋኑ ላይ ሴቶች ዓሣ ሲሰነጥቁ የሚታዩበት ፎቶ አለ፤ አንዷ ቀና ብላ ትስቃለች። በትምህርት ክፍሉ የፌስቡክ ገጽም ላይ አለ። ለእነሱ የተከፈተው በር ለእኔ የሚዘጋው ለምንድን ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
ሩሐማ ተሰማ


ማታር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሐማ፣

ያ ፎቶ እስካሁን አለ?

አውርጂው። ወረቀቱንም ሰብስበሽ አቃጥዪው። ምክንያቱን አልነግርሽም፤ ነግሬሽ ደግሞ እሱንም ጽፈሽ ለመምህርሽ እንድታስረክቢ አልፈልግም። እንዲያው የሰው ቃል የሚሰማሽ ከሆነ አውርጂው።

አባትሽ ነርስ ነው ብለሻል። ነርስ ያሳደጋት ልጅ የሰው ቁስል ስትነካካ እጇን አትታጠብም? አንድ ሰው አይሆንም ሲልሽ ለምን እያልሽ መመለስን ማን አስተማረሽ?

ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ደመቀች


ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ደመቀች አራጋው

አትጻፊ ቢሉም ይህን አንድ ጊዜ እጽፋለሁ።

አባቴን አይንኩብኝ። ሰውን ለማዳን ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ስለ ፎቶው ያዘዙኝን በተመለከተ፣ እኔ የትምህርት ክፍሉ ሠራተኛ አይደለሁም፤ የእርስዎም ተላላኪ አይደለሁም። ፎቶው ላይ ምንም ነውር አላየሁም። ሴቶች ሲሠሩ ነው የሚያሳየው።

ጉዳዩን ለመምህሬ ነግሬ ነበር። «የንግድ ፈቃድ ያለው ድርጅት ለትምህርት ተቋም መተባበር አለበት፤ እምቢ ካሉ ለሚመለከተው አመልክቺ» ብለው ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ያንን ከማመልከቻዬ ጋር ፈቃድ ለሚቆጣጠሩት ሰዎች አስገብቻለሁ። መልሱን ለእኔ ካልሰጡ ለእነሱ ይሰጣሉ።

የሚደብቁት ነገር ከሌለ ምን ያስፈራዎታል?

መልካም ገና ይሁንልዎ።
ሩሐማ ተሰማ


ማታር፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሐማ፣

ደስ ይበልሽ፤ መጡልሽ። ሁለት ተቆጣጣሪዎችና ሁለት ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች። ማመልከቻሽን እያወዛወዙ ነው የገቡት።

«መረጃ የምትከለክዪው ለምንድን ነው?» አለኝ አንደኛው።

«የከለከልኩት አንዲትን ተማሪ ነው፤ መንግሥትን አይደለም» አልኩት።

«የሠራተኞችሽን ስም ንገሪን። ሁሉም ወጥተው ይሰለፉ።»

ስልኩን አውጥቶ አንድ በአንድ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ከዚያ ፈቃዴ ላይ ሸቀጣ ሸቀጥ እንጂ ዓሣ አልተጻፈም ብለው መደብሩን አሸጉት። ውስጥ ጨው ተነስንሶበት የነበረው ዓሣ ሁሉ ተበላሸ። ሰፈሩ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። እሱስ ይሁን፤ ባሮ ውስጥ ዓሣ ሞልቷል።

አሁን ስለ ፎቶው ልንገርሽ፤ ከእንግዲህ መደበቁ ለማንም አይጠቅምም።

ቀና ብላ የምትስቀው ሴት ኛዱዎት ትባላለች። ከወንዙ ማዶ፣ ከድንበሩ ባሻገር፣ ከባሏ አምልጣ፣ ሴት ልጇን አዝላ ነው እኔ ጋ የመጣችው። ሰውዬው ሲመታት አንድ ጆሮዋ ደንቁሯል። ሥራ ሰጠኋት። ዓሣ እንደ እሷ የሚሰነጥቅ ማታር ውስጥ የለም። መጀመሪያ ሰው ሲገባ ትደነግጥ ነበር፤ ቆይቶ ለመደች።

ልጆቹ ሲመጡ ጨዋ ነበሩ፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው የገቡት። ምሳ አብልቻቸዋለሁ። አንደኛው በኑዌርኛ ሰላም ሊላት ሞክሮ ምላሱ ተሳሰረበት፤ ኛዱዎት የሳቀችው ለዚያ ነው። ያን ሳቅ አንስተው፣ ማታር ብለው፣ የመደብሬን ስም ብለው፣ ለዓለም ሁሉ ለጠፉት። ማዶ ስልክ የሌለ መሰላቸው? ባሏ ወንድሞቹን አስከትሎ መጣ። በጠራራ ፀሐይ ከነልጇ ጎትተው ወሰዷት። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ጮህኩ። ሰው ሁሉ የባልና የሚስት ነገር ነው ብሎ ያይ ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይታ ከነልጇ እንደገና አምልጣ መጣች። ግራ ክንዷ ተሰብሮ፣ ያለ ሐኪም ስለ ገጠመ አይዘረጋም። ከዚያ ወዲህ ከጓሮ ባለችው ክፍል ደብቄ አኖርኳት። የገባው ሁሉ ስንት ሠራተኛ አለሽ ሲለኝ እሷን አልቆጥርም ነበር።

ያን ዕለት ጠመንጃ የያዙትን ስታይ ለእሷ የመጡ መሰላት። ልጇን አዝላ በጓሮ ወጣች። ልብሷን እንኳ አልያዘችም። ይኸው እስከ ዛሬ የት እንደ ደረሰች አላውቅም።

ምን ያስፈራዎታል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱ ይህ ነው። ለመምህርሽ አስረክቢው።

ደመቀች


ጋምቤላ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ደመቀች

ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድ ሰነበትኩ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ጽፌ ሳየው ያሳፍረኛል፤ ሌላ ቃል ደግሞ አላገኘሁም። ይቅር ይበሉኝ።

ማመልከቻዬን አንስቻለሁ። መደብሩ እንዲከፈትልዎም «ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ከዚያ መምህር ያዕቆብ ጋ ሄድኩ።

«ያ ጽሑፍ ከእንግዲህ ለተማሪ እንዳይታደል» አልኳቸው።

«የራስሽን መሥራት ሲያቅትሽ የጎበዞቹን ልታስነሺ ነው?»

የእሷንም የእርስዎንም ስም ሳልጠራ የሆነውን ነገርኳቸው። ጽሑፉን ገልጠው አሳዩኝ፤ «ፎቶው በፈቃድ የተነሳ ነው ይላል።»

«ፈቃዱን የሰጠው ማነው?»

«የመደብሩ ባለቤት።»

ወ/ሮ ደመቀች፣ ይህን መጻፍ አልነበረብኝ ይሆናል፤ ግን ዋጥ ባደርገው ያንቀኛል። እነዚያ ልጆች የጠየቁት እርስዎን ነው። እሷን ማንም አልጠየቃትም። እርስዎም አልጠየቋትም። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ኖሮ፣ «አንዲት ሴት ትሞታለች» ብለው ቢጽፉልኝ፣ የትም አላመለክትም ነበር። የእኔ ጥፋት ግን በዚህ አይቀልም።

ፎቶው ከገጹ ላይ ተነስቷል፤ የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ ለምኜ ነው። መምህሩ ወረቀቱን መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል፤ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ስሜን አይጠሩም። ለአባቴም ነግሬዋለሁ። እስካሁን አያናግረኝም።

ሩሐማ


ማታር፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሐማ፣

ይቅርታሽን አልተቀበልኩም።

ፈቃዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት ላልሽው፣ እውነት ነው። ከአንቺ አፍ መስማቱ ግን ያንገበግባል። ዓሣው የእኔ፣ መደብሩ የእኔ ስለሆነ ሳቋም የእኔ መስሎኝ ነበር። ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ አንቺ እስክትነግሪኝ አልጠበቅሁም።

መደብሩ ተከፍቷል። አላመሰግንሽም፤ ያዘጋሽውን ነው ያስከፈትሽው።

አሁን የምጽፍልሽ ወድጄ አይደለም። ሲሚንቶ የሚጭን አንድ ሾፌር ክንዷ የማይዘረጋ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ከኢታንግ እስከ ጋምቤላ እንዳሳፈረ ለመልአኩ ነግሮታል። እኔ መጥቼ ብፈልግ ማታር ሁሉ ለምን እንደሄድኩ ያውቃል፤ የባሏ ዘመዶችም ከዚያ ወዲህ እዚሁ ይመላለሳሉ። ጋምቤላ ውስጥ ከአንቺ በቀር የማውቀው ሰው የለም፤ አንቺንም በክፉ ነው የማውቅሽ። ቢሆንም ጠይቂልኝ። ሥራ የምትፈልገው ምግብ ቤት ወይም ዓሣ የሚሸጥበት ነው። ልጅቷ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ስትናገር ትኮላተፋለች። አባትሽ ሐኪም ቤት ይጠይቅልኝ።

ካገኘሻት የት እንዳለች ቶሎ ጻፊልኝ።

ደመቀች


ጋምቤላ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ደመቀች

አባቴ ጠይቋል። በእነሱ በኩል እንዲህ ያለች ሴት አልታከመችም። ይህን ሲነግረኝ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረኝ።

እኔ አሳይመንቱን ይዤ የዞርኩባቸውን በሮች እንደገና ዞርኩባቸው። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቶቹ፣ ገበያው። ያኔ ወረቀትና ማኅተም ነበረኝ፤ አሁን ባዶ እጄን ነኝ። ምልክቷን እየተናገርኩ፣ ስሟን እየጠራሁ እጠይቃለሁ። የሚመልስልኝ የለም። አንዷ ምግብ ቤት ባለቤት እንዲያውም መጥረጊያ ይዛ ነው ያስወጣችኝ።

መጨረሻ ላይ ፍርዶስ ጋ ገባሁ፤ ሻይ የጋበዘችኝ ልብስ ነጋዴ።

«አሁን ደግሞ ስለ ሰው ሆነ?» አለችኝ።

«አዎ፣ አንዲት ሴት ነው የምፈልገው።»

«ለማን ነው የምትጠይቂው?»

ለእርስዎ እንዳልል እርስዎን አታውቅም። ለራሷ ለሴትየዋ እንዳልል እሷ ፈልጉኝ አላለችም።

ፍርዶስ በሩን አየት አድርጋ ድምጿን ቀነሰች። «ከአንቺ በፊት አንድ ወንድ መጥቶ ይህንኑ ጠይቆኛል። ክንዷ እንዲህ ነው እያለ በራሱ ክንድ አሳየኝ። አላየሁም አልኩት። ለአንቺም የምልሽ እሱኑ ነው።»

ከተማውን ሁሉ እየዞርኩ ስሟን ስጠራ የሰነበትኩት እኔ ነኝ። እኔ የጠየቅሁት ሰው ነገ ለእሱ ቢነግረውስ? እነዚያ በራቸውን የዘጉብኝ ሰዎች ባይዘጉብኝ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?

ከእንግዲህ በስሟ አልጠይቅም። መልአኩም ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር እንዳያወራ ይንገሩልኝ።

ሩሐማ


ጋምቤላ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ደመቀች

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። በሁለተኛው ላይ የሰደቡኝንም አንብቤያለሁ። ዝም ያልኩት ረስቼ ወይም ሰልችቶኝ አይደለም።

«አገኘሻት ወይስ አላገኘሻትም?» ላሉት መልሴ፣ አልነግርዎትም ነው።

«ከአንቺ ይልቅ እኔ ነኝ የምቀርባት» ብለዋል። እውነት ነው። «እንቅልፍ አጥቻለሁ» ብለዋል፤ አምናለሁ። ቢሆንም አልነግርዎትም። ደብዳቤ መንገድ ላይ ይከፈታል። መልአኩን ኬላ ላይ ሲፈትሹት ኪሱን ያራግፋሉ። የእርስዎ መደብር ደጃፍ ላይ ደግሞ ማን ቆሞ እንደሚሰማ እርስዎ ራስዎ ጽፈውልኛል። መጥተው ፊት ለፊት ቢጠይቁኝም የምመልስልዎ ይህንኑ ነው። አባቴም ጠይቆኛል፤ ለእሱም አልተናገርኩም።

አሳይመንቱ ምን ሆነ ብለው ለጠየቁኝ፦ አስረክቤያለሁ። ንግድ ቤቶች ለምን ለተማሪ እንደማይናገሩ ነው የጻፍኩት፤ የማንም ስም፣ የማንም ቦታ የለበትም። መምህር ያዕቆብ «መረጃ የለውም» ብለው መለሱት። ሰኔ ላይ አልመረቅም። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ስለ ጠየቁኝ ነው።

የፈለጉትን ይበሉኝ።

ሩሐማ


ማታር፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሐማ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ መልአኩ ላይ ጮህኩበት። ምን አጠፋሁ ይላል፤ ምን ልበለው? ወረቀቱን ጨምድጄ ወረወርኩት። ከዚያ መልሼ አነሳሁት።

ያላገኘ ሰው አላገኘሁም ይላል። አንቺ ግን እልኸኛ ብትሆኚም ውሸት ስትጽፊ አላየሁሽም። ሞታ ቢሆን ደግሞ የምትደብቂው ነገር አይኖርሽም ነበር። ይህን አስቤ ምድጃዬ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህንንም ለማንም እንዳትነግሪ።

እንዳይመስልሽ፤ አሁንም አልወደድኩሽም። ዓሣዬ ተበላሽቷል፣ ሠራተኞቼ ተበትነዋል፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው የተመለሱት። ወደ መደብሬ ብትመጪ አላስገባሽም። የማይመረቅ ተማሪ መሆንሽ ግን አላስደሰተኝም፤ ያስደስተኛል ብዬ ነበር።

መልአኩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ማዳበሪያ ይሰጥሻል። ውስጡ የሴት ልብስ አለ፤ ጨርቅ የተጠቀለለበት ቢላዋ አለ፤ የልጅ ቀሚሶችም አሉ። ቢጫው አጥሮ ይሆናል፤ ልጅ ቶሎ ያድጋል። ለማን እንደምትሰጪው አልጠየቅሁም፤ ከእንግዲህም አልጠይቅም። የሚቀበልሽ ሰው ከሌለ ግን መልአኩ ተመላሽ ስለሆነ መልሰሽ ላኪልኝ።

ደመቀች


ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ደመቀች

መልአኩን ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ አይቆጡት። የሚመለሰው ባዶውን ነው።

ይህን አንብበው ያቃጥሉት። የቢጫው ቀሚስ ጠርዝ ተተርትሮ ወርዷል፤ አሁን ልክ ሆኗል።

ሩሐማ